የመመለሻ ወረቀት ጠፍቶ በመንገድ ስለ መቅረት

ሰው ከአገሩ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ፓስፖርትና ቪዛ የሚያስፈልገው መሆኑን ዛሬ የማያውቅ የለም። ነገር ግን በሌላው አገር ቤት ይዞ፥ ልጆች ወልዶ፥ ግብር እየከፈለ የሚኖር ሰው ዘመዶቹን ለመጠየቅ ወደ ተወለደበት አገር መጥቶ ሳለ፥ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ወረቀት ቢጠፋበት ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስለ ቤተ ሰብ ጉዳይ በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ስለ ኤምባሲና ስለ ፎርም ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። ዳሩ ግን እናትን ከልጆቿ ለወራት የሚለያይ፥ ባልንም ከሕፃናት ጋር ብቻውን የሚያስቀር ነገር የቤተ ሰብ ጉዳይ ካልተባለ፥ የቤተ ሰብ ጉዳይ የሚባለው ምን እንደሆነ እኛ አናውቅም።

ነገሩን እኛም የተማርነው በአንዲት ዘመዳችን ላይ ከደረሰው ነው። ስሟን መግለጽ አያስፈልግምና እኅታችን እያልን እንጠራታለን። ይህች እመቤት በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ፥ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ስድስት ዓመት ኖራለች። ዜግነቷ ኢትዮጵያዊት ነው፤ ፓስፖርቷም የኢትዮጵያ ነው። አሜሪካ የሰጣት ሕዝቡ ሁሉ ግሪን ካርድ እያለ የሚጠራውን የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ነው። እናቷ በጠና መታመማቸውን በሰማች ጊዜ መስከረም 27 ቀን ከዚያ ተነሥታ በማግሥቱ አዲስ አበባ ገባች። አሳቧ አንድ ወር ቈይቶ ለመመለስ ነበር። የእናቷ ሕመም ግን አንድ ጊዜ እየበረታ አንድ ጊዜ እየቀለለ፥ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ስትል ገናውም ፋሲካውም አለፈ። በግንቦት ወር እናቷ ዐረፉ። አርባቸውን አውጥታ፥ ከታላቅ ወንድሟ ጋር የቤቱን ጉዳይ ስትጨርስ ሐምሌ ሆነ። ነሐሴ 12 ቀን ከመርካቶ ወደ ጉለሌ በታክሲ ልትሳፈር ስትል የእጅ ቦርሳዋን ነጠቋት። በቦርሳው ውስጥ ፓስፖርቷ፥ ግሪን ካርዷና የሁለቱ ልጆቿ ፎቶግራፍ ነበሩ።

በዚያ ማታ ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ እንደ አዲስ ቪዛ ትጠይቅ አለ። ሌላው ባሏ እዚያው ሆኖ ሌላ ካርድ አውጥቶ በፖስታ ይላክላት አለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንድ ደላላ መጥቶ «ከውስጥ ሰው አለኝ» በማለት ስድሳ ሺህ ብር ጠየቀ። ገንዘቡን ለመስጠት ተቃርባ ነበር። ወንድሟ ግን፥ «ሰው አለኝ የሚል ሰው፥ ሰውየው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ስሙን ካልተናገረ እኔ ብር አላወጣም» ብሎ ከለከላት። እርሷም፥ «ጋሼ፥ ልጆቼ እዚያ ናቸው እኮ» ብላ አለቀሰች። እኛም በቦታው ስለ ነበርን፥ የወንድሟን ጥንቃቄ ብናመሰግንም በዚያች ሰዓት ከእርሱ የተሻለ ምክር አልነበረንም።

ከብዙ መመላለስ በኋላ ጳጉሜን 2 ቀን አዲስ ፓስፖርት ተሰጣት። ባሏ ከቤት ሣጥን ፈልጎ የአሮጌውን ካርድ ፎቶግራፍ በስልክ ላከላት። እርሷም ይህ ይበቃል ብላ ቲኬቷን አስተካክላ ጳጉሜን 4 ቀን ማታ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ ወረደች። እኛም ልንሸኛት ሄደን ነበር። ሻንጣ የሚመዝነው ወጣት የስልኩን ፎቶግራፍ አገላብጦ አየና አለቃውን ጠራ። አለቃውም በትሕትና፥ «እመቤቴ፥ እርስዎ እውነት እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በፎቶግራፍ ላሳፍርዎ አልችልም» አላት። ሻንጣውን ይዘን በሌሊት ወደ ጉለሌ ተመለስን። በመንገዱ ላይ አንድም ቃል የተናገረ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ የመብቱ ማስረጃ ነው እንጂ መብቱ ራሱ አይደለም። የቤቱ ካርታ የተቃጠለበት ሰው ቤቱ አብሮ እንዳልተቃጠለበት ሁሉ፥ ካርዱ የተሰረቀበት ቋሚ ነዋሪም ነዋሪነቱ አብሮ አልተሰረቀበትም። በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ስሙ፥ ፎቶግራፉና የጣቱ አሻራ ተቀምጦ ይገኛል። ታዲያ መብቱ እያለ በመጀመሪያ የሚያስቆመው ማን ነው ቢሉ፥ በአሜሪካ ወደብ የሚቀመጠው ሹም ሳይሆን፥ እዚሁ በመነሻው ላይ ያለው የአይሮፕላን ኩባንያ ሠራተኛ ነው። የአሜሪካ ሕግ በቂ ወረቀት የሌለውን መንገደኛ ጭኖ የመጣውን ኩባንያ ስለ እያንዳንዱ ሰው መቀጮ ያስከፍለዋል። መቀጮውም በሕጉ 3,000 ዶላር ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፥ ከገንዘቡ ዋጋ ጋር እየተስተካከለ ከዚያ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በቦሌ ያገኘነው ሰው እኅታችንን የመለሳት በክፋት አልነበረም፤ ድንበሩ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ከሚዛኑ አጠገብ የቆመ ያህል ስለ ሆነ ነው።

ለዚህ ችግር የተበጀው ወረቀት በእንግሊዞች ቋንቋ ካሪየር ዶኩመንቴሽን ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የአጓጓዥ ማረጋገጫ ብንለው ይስማማዋል። በፓስፖርቱ ገጽ ላይ እንደ ቪዛ ይለጠፋል፤ ቪዛ ግን አይደለም። ቃሉም ለአይሮፕላኑ ኩባንያ የተነገረ ነው፤ ይህን ሰው ብታሳፍር አትቀጣም ማለት ነው። ለባለቤቱ አዲስ መብት አይሰጠውም፤ የመግባቱንም ነገር የሚወስነው በደረሰበት ወደብ ያለው ሹም ነው። የሚያገለግለውም ለአንድ ጉዞና ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከአረብ አገሮች ያለ ፓስፖርት ለሚመለሱ ወገኖቻችን ኤምባሲዎቻችን የሚሰጡትን ሊሴ ፓሴ አንባቢዎቻችን ሰምተው ይሆናል። ሊሴ ፓሴ መንግሥት የራሱን ዜጋ ወደ አገሩ የሚያስገባበት ነው። ይህኛው ግን መንግሥት ዜጋው ያልሆነውን ሰው፥ ቤቱ እዚያ ስለ ሆነ ብቻ፥ ወደ ቤቱ እንዲደርስ የሚፈቅድበት ስለ ሆነ ከሊሴ ፓሴ ይለያል።

መጠየቂያው ፎርም አይ 131 ኤ ተብሎ ይጠራል። ክፍያው (እዚህና ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ ሕግ የምንጽፋቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በ2016 ዓ.ም. ከ360 ወደ 575 ዶላር ከፍ ተደርጎ፥ በ2024 በወጣውም ታሪፍ እንዲሁ ተቀምጧል። ገንዘቡ የሚከፈለው በኢንተርኔት ነው። ከተከፈለ በኋላ ባለጉዳዩ ራሱ በአካል ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መቅረብ አለበት፤ የተከፈለውም ገንዘብ ጥያቄው ባይፈቀድ እንኳ አይመለስም። የክፍያና የቀጠሮ ደንብ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የኤምባሲውን የወቅቱን ማስታወቂያ መመልከት ያስፈልጋል።

የሁሉም ብርቱ ነገር ግን ቀኑ ነው። ይህ ማረጋገጫ የሚሰጠው ካርዱ ጠፍቶበት ከአሜሪካ ከወጣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሰው ነው። ከመውጣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ የሚባለውን ደብተር አስቀድሞ ያወጣና ደብተሩ የጠፋበት ሰው እንደሆነ ግን ከሁለት ዓመት በታች ይፈቀድለታል። አንድ ዓመት ካለፈና የመመለሻ ፈቃድ ከሌለ፥ ካርዱ ራሱ ሳይጠፋ በእጅ ቢገኝም ብቻውን ለመግቢያ አይበቃም። ያን ጊዜ ሕጉ ያኖረው ሌላ በር የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ የሚባለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ሲወጣ በሕግ ቋሚ ነዋሪ እንደ ነበረ፥ ሲወጣም ለመመለስ አስቦ እንደ ነበረና ይህን አሳቡን እንዳልተወ፥ የዘገየውም ከአቅሙ በላይ በሆነና እርሱ ባላመጣው ምክንያት እንደሆነ ነው። በ2020 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት አይሮፕላኖች በተቋረጡ ጊዜ ብዙ ነዋሪዎች ቀናቸው በሰው አገር እያለፈባቸው ተጨንቀው ነበር። በዚህኛው በር መግባት ከፊተኛው እጅግ ይከብዳል፤ ጥያቄው ቢፈቀድም እንደ ማንኛውም ስደተኛ ቪዛ ጠያቂ የሐኪም ምርመራና ሌላ ክፍያ ይከተለዋል።

እኅታችን ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ካርዷ ላይ የተጻፈው ማብቂያ ገና አራት ዓመት የሚቀረው ስለ ነበረ፥ እስከዚያ ድረስ መቈየት የምትችል ይመስላት ነበር። በካርዱ ላይ የተጻፈው የካርዱ ዕድሜ ሲሆን፥ በውጭ የመቈያው ጊዜ ግን ሌላ መሆኑን የነገራት አልነበረም። እኛ በጣታችን ስንቈጥር ከጳጉሜን 4 እስከ መስከረም 27 የቀራት 28 ቀን ብቻ ነበር።

ቤቱ በአንድ አገር፥ ዘመዱ በሌላ አገር የሆነ ሰው የመመለሱ ነገር ማስቸገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ቻይ ቻን ፒንግ የሚባል ቻይናዊ ሠራተኛ ከ1875 ዓ.ም. ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ሲኖር ቈይቶ፥ በ1887 ዓ.ም. ወገኖቹን ለመጠየቅ ወደ ቻይና ሄደ። ሲሄድም በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መሠረት የመመለሻ ምስክር ወረቀት ከሹሞቹ ተቀብሎ ነበር። ቤልጂክ በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ገና በባሕር ላይ ሳለ፥ ጥቅምት 1 ቀን 1888 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጥቶ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሻረው። መርከቢቱ ከሳምንት በኋላ ወደብ ስትደርስ ወረቀቱ በእጁ፥ ስሙም በመዝገቡ እያለ፥ እንዳይወርድ ተከለከለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1889 ዓ.ም. ተፈረደበት። የእኅታችን ነገር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ነው፤ እርሱ ወረቀቱ ኖሮ መብቱ ጠፋበት፥ እርሷ መብቷ ኖሮ ወረቀቷ ጠፋባት። በባሕር ላይ ሳሉ ሕግ ከመለወጥ ያድነን ከማለት በቀር ለፊተኛው መድኃኒት አይገኝለትም።

በ1924 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለአጭር ጊዜ ወጥቶ የሚመለሰውን ነዋሪ በየዓመቱ ከሚገባው ሰው ቍጥር ውጭ አደረገው፤ በሦስት ዶላር የሚሰጥና ከአንድ ዓመት የማያልፍ የመመለሻ ፈቃድም አቆመለት። የአንድ ዓመት ልክ እንግዲህ መቶ ዓመት ያለፈው አሮጌ ልክ ነው። የውጭ ዜጎች ሁሉ በፖስታ ቤት እየቀረቡ አሻራ እንዲሰጡና እንዲመዘገቡ የታዘዘው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፥ ግሪን ካርድ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ወዲህ ለነዋሪዎች ከታደለው አረንጓዴ ካርድ ነው። መንግሥት ቀለሙን በ1964 ዓ.ም. ወደ ሰማያዊ ቢለውጠውም ሕዝቡ ስሙን አልለወጠውም፤ በ2010 ዓ.ም. ካርዱ እንደገና አረንጓዴ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የኢግናትዝ ሜዜይ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በቡፋሎ ከተማ ሃያ አምስት ዓመት ኖሮ፥ ቤትና ትዳር ይዞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. እናቱ በሮማንያ በሞት አፋፍ ላይ መሆናቸውን ሰምቶ፥ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ተነሣ። ሮማንያ አላስገባ አለችው። በሃንጋሪም የመውጫ ፈቃድ አጥቶ 19 ወር ተቀመጠ። በቡዳፔስት ካለው የአሜሪካ ቆንስል ቪዛ ተቀብሎ የካቲት 9 ቀን 1950 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሲደርስ፥ ምክንያቱ ሳይገለጥለት ለመንግሥት ጸጥታ ያሠጋል ተብሎ በኤሊስ ደሴት ተያዘ። ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ቢላክ ሁለቱም አንቀበልም ብለው መለሱት፤ ለብዙ ሌሎች መንግሥታት ቢጻፍም የሚቀበለው ጠፋ። ከደሴቲቱ ሆኖ ከተማይቱን እያየ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄጃ አጣ። በመጋቢት ወር 1953 ዓ.ም. ጠቅላዩ ፍርድ ቤት በአምስት ዳኞች ድምፅ በአራቱ ላይ ፈረደበት። በመጨረሻ በነሐሴ ወር 1954 ዓ.ም. በይቅርታ ዓይነት ፈቃድ ተለቀቀ። የሜዜይ ነገር የጠፋ ካርድ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን እናቱን ሊሰናበት የተነሣ ሰው ስንት መንግሥታት በሩን እንደሚዘጉበት ያሳያል፤ እናቱንም አላያቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ለነዋሪው እየራራ ሄዷል። ይኸው ፍርድ ቤት በ1982 ዓ.ም. በሌላ ነገር ሲፈርድ፥ ለአጭር ጊዜ ወጥቶ የሚመለስ ነዋሪ በደንቡ መሠረት ቃሉ ሊሰማለት እንደሚገባ አጽንቷል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ የቀረበን ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በመጀመሪያ በ1980 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች ሕግ፥ ኋላም በ1990 ዓ.ም. ሕግ የተመሠረተው ዲቪ የተባለው ዕጣ ብዙ ወገኖቻችንን ወደዚያ አድርሷል። ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ዘመድ በዋሽንግተን አካባቢ የሌለው ቤተ ሰብ ብንፈልግ ብዙ መድከማችን አይቀርም።

ወደ እኅታችን እንመለስ። ከቦሌ በተመለስንበት ማግሥት፥ በኤምባሲው ማስታወቂያ ላይ ነገሩን አንብቦ የነገረን የወንድሟ ልጅ፥ የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነው። ስድሳ ሺህ ብር የተጠየቀበት ምሥጢር ለሁሉ ክፍት ሆኖ ተጽፎ ኖሯል። የሚፈለገው ፓስፖርት፥ ፎቶግራፍ፥ የክፍያው ደረሰኝ፥ የቋሚ ነዋሪነቷ ማስረጃና ከአሜሪካ የወጣችበት ቀን ማረጋገጫ ነበር። ካርዱ ተሰርቆ እንደሆነ የፖሊስ ማስረጃ ይጨመራል፤ ይህን ወንድሟ በስርቆቱ ማግሥት አስወጥቶላት ስለ ነበረ ተመሰገነ። ባሏ የላከው የካርዱ ፎቶግራፍ ለአይሮፕላን ባይበቃም እዚህ ላይ ትልቅ አገልግሎት ሰጠ፤ በላዩ ያለው ቍጥር መዝገቧን ለማግኘት ይረዳልና። ባሏም 575ቱን ዶላር እዚያው ሆኖ በባንክ ካርዱ ከፈለ።

ያስቸገረው የወጣችበት ቀን ነበር። አዲስ አበባ ስትገባ የተመታው ማኅተም በተሰረቀው ፓስፖርት ላይ ቀርቷል፤ አዲሱ ፓስፖርት ባዶ ነው። የቀን ነገር ዋና ስለ ሆነ ይህን ማስረጃ ማጣት ቀላል አልነበረም። ቲኬቱን የሸጠላት የጉዞ ወኪል ግን መዝገቡን አገላብጦ ያን የመስከረም 27 ቀን ጉዞ አግኝቶ በወረቀት አወጣላት። አንባቢዎቻችን ያገለገለ ቲኬትና የመሳፈሪያ ወረቀት የመቅደድ ልማድ ያላቸው እንደሆነ ከዛሬ ጀምሮ ቢተዉት ደግ ነው፤ እኛም ይህን ልማድ ትተናል።

የአዲስ ዓመት በዓል መጣ፥ ቢሮዎች ተዘጉ። መስከረም 8 ቀን ረፋዱ ላይ በእንጦጦ መንገድ ወዳለው ኤምባሲ ቀርባ አሻራዋን ሰጠች፤ ቃሏንም ተጠየቀች። በመስኮቱ የነበሩት ሴት የጠየቋት ስለ ካርዱ ብቻ አልነበረም፤ ለምን ይህን ያህል እንደቈየች፥ ባሏ የት እንደሚሠራ፥ ልጆቿ የት እንደሚማሩ ጠየቋት። እርሷም የእናቷን የሐኪም ወረቀትና የሞት ምስክር ወረቀት አሳየች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። በእነዚያ ቀኖች በቤቱ ስልክ በጮኸ ቍጥር ሁሉም ይነሣ ነበር። መስከረም 15 ቀን ማረጋገጫው በፓስፖርቷ ላይ ተለጥፎ ተሰጣት። መስቀል መስከረም 17 ስለ ሆነ፥ ደመራውን ከወንድሟ ልጆች ጋር አይታ በ18 ማታ ተነሣች። ከዓመቱ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነበር። በሚዛኑ ላይ ያው ወጣት አልነበረም፤ ሌላው ሠራተኛ ገጹን ገልጦ አየና ያለ አንድ ጥያቄ አሳለፋት።

እግረ መንገዳችንን፥ እንዲህ ያለ ነገር ለሚያጋጥማቸው ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ጥቂት እንጨምር። ካርዱ ሳይጠፋ የዐሥር ዓመት ዕድሜው ብቻ ያለፈበት ሰው በአሜሪካኖቹ ደንብ የአጓጓዥ ማረጋገጫ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ኩባንያዎች ሁሉ እኩል ስለማያውቁት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የመመለሻ ፈቃድ የሚባለው ደብተር የሚጠየቀው ሰውየው ገና በአሜሪካ ምድር ሳለ ብቻ ነው፤ ከወጡ በኋላ ከዚህ ሆኖ ማመልከት አይቻልም። እንግዲህ የታመመ ወላጅ ለማስታመም የሚነሣ ሰው፥ የሕመምን መጨረሻ የሚያውቅ የለምና፥ አንድ ወር ብሎ ቢነሣም ለሁለት ዓመት ማሰቡ አይጎዳውም። ክፍያው ሲከፈል ውድ ይመስላል፤ እኅታችን ግን ዛሬ ርካሽ ነበር ትላለች።

እናቶችን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። ቋሚ ነዋሪ የሆነች እናት ለአጭር ጊዜ መጥታ ሳለ እዚህ የወለደች እንደሆነ፥ ልጁ ከተወለደ ሁለት ዓመት ሳይሞላውና ወላጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚመለስበት በዚያው ጉዞ አብሮ ከሄደ፥ ያለ ስደተኛ ቪዛ ይገባል። ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ግን ያስፈልገዋል። እናቲቱ ልጁን ለአያቱ ትታ መጀመሪያ ብቻዋን ደርሳ ከተመለሰች ይህ ዕድል ያመልጣታል። «ሕፃኑ ይጠንክር፥ ኋላ ትወስጂዋለሽ» የሚለው የአያቶች ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፥ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ዓመት መለያየትን ሊያስከትል ስለሚችል ሳይመረመር መቀበል አይገባም።

እኅታችን በዋሽንግተን አጠገብ ባለው በዳለስ አይሮፕላን ማረፊያ በደረሰች ጊዜ ወዲያው አላለፈችም። ከ180 ቀን በላይ በውጭ የቈየ ነዋሪ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ስለሚችል ወደ ሁለተኛው ክፍል ወሰዷት። እዚያም ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከመነሣቷ በፊት ባሏ ተጨንቆ አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር፤ ነዋሪነትን መተው የሚባል ወረቀት እንዳለና ይህንም የሚፈርም ሰው በገዛ ፈቃዱ ብቻ እንጂ ተገዶ እንዳልሆነ፥ ያልፈረመም ሰው ጉዳዩን ለኢሚግሬሽን ዳኛ የማስረዳት መብት እንዳለው ነግሯት ነበር። እርሷን ግን ይህን ፈርሚ ያላት አልነበረም። ሹሙ የእናቷን የሞት ምስክር ወረቀት፥ የቤት ኪራይ ውሉንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት ተመለከተ። ስለ እናቷም ጠይቆ ኀዘኑን ገልጾ ማኅተሙን መታላት።

በመውጫው በር ባሏና ልጆቿ ቆመው ነበር። ታላቁ ወንድ ልጅ በዓመቱ ቁመቱ ጨምሮ አፍሮ ራቅ ብሎ ቆመ። የአምስት ዓመቷ ልጅ ግን እናቷ ካርድ ጠፍቶባት መምጣት እንዳልቻለች ሰምታ ስለ ነበረ፥ በወፍራም ወረቀት ላይ በአረንጓዴ ቀለም የሣለችውን ካርድ ይዛ መጥታለች። በላዩም ዓይንና ጠጉር ያለበት ክብ ፊት፥ ከሥሩም ማንም ሊያነበው የማይችል ጽሕፈት ነበረበት። እናቷ ተቀብላ ከፓስፖርቷ ውስጥ አኖረችው።

የእውነተኛውን ምትክ ካርድ ያመለከተችው ከዚያ ወዲያ ነው። ክፍያው በ2024 ታሪፍ በኢንተርኔት ለሚያመለክት 415፥ በወረቀት ለሚያመለክት 465 ዶላር ነው። ካርዱ ከወራት በኋላ በፖስታ በመጣላት ጊዜ ፊቱንና ጀርባውን ፎቶግራፍ አንሥታ መጀመሪያ የላከችው ለወንድሟ ነው። እርሱም በወረቀት አሳትሞ ከእናታቸው ቤት ካርታ ጋር በሣጥን ቈልፎበታል። የዜግነት ማመልከቻ የማስገባቷን ነገር ስንጠይቃት ገና ከባሏ ጋር እየተመካከሩበት መሆኑን ነገረችን።